እየጠፋ የሚነሳ ኮምፒውተር፦ ፎርማት ከማድረግዎ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ቤት ያለኝ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ነው። ትናንት ማታ ‹ድራይቨሮችዎ አርጅተዋል፣ በአንድ ክሊክ ያድሱ› የሚል ነጻ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጄ ጫንኩበት። ብዙ ነገር አደሰና ሪስታርት ይደረግ አለ። ከዚያ ወዲህ አልነሳም ብሏል። ሎጎው ይመጣል፣ ነጥቦቹ ይዞራሉ፣ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይልና እንደገና ከሀ ይጀምራል። ጓደኛዬ ፎርማት ከማድረግ በቀር መፍትሔ የለውም ይላል። የልጆቼ ፎቶዎች ግን ሁሉም እሱ ላይ ናቸው። ምን ላድርግ?»

ፎርማት አያድርጉት። ቢያንስ ዛሬ አያድርጉት።

ጓደኛዎ በክፋት አልመከረዎትም። ፎርማት ማድረግ ለሚሠራው ሰው ቀላል መንገድ ነው። ጥፋቱን መፈለግ የለበትም፤ ሁሉን ጠርጎ ከዜሮ ይጀምራል። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እርስዎ ነዎት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ፎቶ ሲሆን ደግሞ አንዴ ከፈሰሰ የሚለቀምም የለም።

ከገለጹልኝ ስነሳ ፎቶዎቹ ባሉበት አሉ። የተበላሸው ዊንዶውስ የሚነሳበት መንገድ ነው እንጂ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ቦታ አይመስልም። አሁን ማድረግ ያለብዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፓወር ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ይዘው ያጥፉትና ይረፍ። «ምናልባት ራሱ ይስተካከል ይሆናል» ብለው እየጠፋና እየበራ እንዲያድር አይተዉት።

አንድ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳለ እንዴት ይጥላል? መደበኛ ፕሮግራም ሲበላሽ ብቻውን ይዘጋል። ሙዚቃ ማጫወቻዎ ቢደርቅ እሱን ዘግተው ሥራዎን ይቀጥላሉ። ድራይቨር ግን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከስክሪን ካርዱ፣ ከድምፁና ከመሳሰሉት ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ሌላ ፍጥረት ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ እምብርት፣ ከርነል በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ስህተት ሲፈጠር ዊንዶውስ ልቀጥል ቢል ዲስኩ ላይ የማይሆን ነገር ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ሆን ብሎ ራሱን ያቆማል። ያዩት ሰማያዊ ብልጭታ ይኼ ነው። (በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ዕትሞች ቀለሙን ጥቁር አድርገውታል። ትርጉሙ ያው ነው።)

ሰውን የሚያሳብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ዊንዶውስ ካልከለከሉት በቀር እንዲህ ሲወድቅ በራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ሲነሳ ያንኑ ድራይቨር ያነባል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ጽሑፉም ሳይነበብ ይጠፋል።

ወደ ከርነል የሚገቡት የታወቁ ናቸው፦ አንቲቫይረስ፣ ቪፒኤን፣ የአንዳንድ ጌሞች የማጭበርበር መከላከያ፣ የፋንና የመብራት መቆጣጠሪያ፣ እና የእርስዎ ዓይነቱ «ድራይቨር አዳሽ»። በእነዚህ መሳሳት የቤት ተጠቃሚ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የክራውድስትራይክ የደህንነት ሶፍትዌር አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ፋይል ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ። አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። ብዙዎቹ ማሽኖች ልክ እንደ እርስዎ ላፕቶፕ እየጠፉ ይነሱ ነበር። መፍትሔው ደግሞ ፎርማት አልነበረም። ሰዎች ማሽን በማሽን እየዞሩ በሴፍ ሞድ (ምንነቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ) ገብተው ያንን ፋይል ሰረዙ፤ አለቀ። የእርስዎም መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ግን ሶፍትዌሩን ከመክሰሳችን በፊት አንድ ነገር እናጣራ። ይህን የምለው አንድ ጊዜ ጉድ ስለሆንኩ ነው። የዘመድ ዴስክቶፕ ነበር፤ ፕሮግራም ከተጫነበት ማግስት ጀምሮ ሪስታርት ያበዛል። እኔ ሆዬ ዊንዶውስን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጫንኩት። ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ጥፋተኛው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሳጥኑ የሪስታርት ቁልፍ። ወደ ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ላፕቶፑን ሲያበሩ ወደ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሳው የማሽኑ የራሱ ቅንብር ገጽ ይግቡ። መግቢያው እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ኤፍ 2፣ ዲሊት ወይም ኤፍ 10 ቁልፍ ነው፣ ወዲያው እንደበራ ደጋግመው ይነካሉ። ገብተው ምንም ሳይነኩ ለ15 ደቂቃ ይተዉት። ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስም የለም፣ ያ ፕሮግራምም የለም። እዚያም ላይ ራሱን እያጠፋ ከተነሳ ነገሩ ከሶፍትዌር አይደለም፤ ፓወር፣ ሙቀት፣ ራም ወይም የተጣበቀ ቁልፍ ይፈለግ። ጸጥ ብሎ ከቆየ ግን ጥርጣሬያችን ይጠናከራል፣ እንቀጥላለን። ባዮስ ውስጥ ምንም አይለውጡ ያልኩት ለምክንያት ነው፤ አሁን እመጣበታለሁ። ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ ፕሪንተሩን፣ ተጨማሪ ማውሱን፣ ፍላሹን ሁሉ ይንቀሉ።

ምክንያቱ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። በብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ባለቤቱ ሳያውቅ የተመሰጠረ ነው። በጥገና መንገድ ስንገባ፣ ወይም የባዮስ ቅንብር ሲለወጥ፣ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ላፕቶፑን ሲያዘጋጁ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ከነበረ ቁጥሩ በአብዛኛው እዚያው አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጧል። በስልክዎ አካውንቱን ከፍተው ዲቫይሶች ከሚለው ሥር ይፈልጉትና ወረቀት ላይ ይጻፉት። ይህን አሁኑኑ ያድርጉ። ዲስኩ ተቆልፎ ቁጥሩ ከሌለ እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ ፎቶዎቹን ማውጣት አንችልም።

ስልኩን ይዘው እያለ ዋንድራይቭንም (የማይክሮሶፍትን የኢንተርኔት ማከማቻ) ይመልከቱ። ዊንዶውስ 11 ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ የዴስክቶፕ፣ የዶክዩመንትስና የፒክቸርስ ፎልደሮችን ወደዚያ መገልበጥ ይጀምራል። ሰው «እሺ» ብሎ ያልፈዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ነጻው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ላይዝ ይችላል። ግን ከፊሉን እንኳ ቢያገኙ እፎይ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው በር። ዊንዶውስ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያህል መነሳት ሲያቅተው በሦስተኛው ራሱ የጥገና ገጽ ይከፍታል። የእርስዎ ምናልባት ከፍቶት እርስዎ ዘግተውት ሊሆን ይችላል። ካልከፈተ እኛ እንገፋዋለን፦ ያብሩት፣ ነጥቦቹ መዞር ሲጀምሩ የፓወር ቁልፉን ይዘው ያጥፉት። ይህን ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው አይንኩት። «ፕሪፔሪንግ ኦቶማቲክ ሪፔር» የሚል ጽሑፍ ከታች ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»ን ይምረጡ።

በዚህ መንገድ እምቢ ካለ፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ይሠራሉ። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይበቃል፤ መሥሪያውን ማይክሮሶፍት በነጻ ይሰጣል። በፍላሹ ሲያስነሱ መጫኛው ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ ጣትዎን ይቆጣጠሩ! «ኢንስቶል» የሚለውን ሳይሆን «ሪፔር» የሚል ቃል ያለበትን ምርጫ ነው የሚነኩት።

ገጹ ውስጥ ገባን። አብዛኛው መመሪያ እዚህ ላይ ወደ ጥገና ይሮጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ፎቶዎቹን አወጣለሁ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር ላይ ጥገና አይጀመርም።

ፎቶዎቹን የሚይዝ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ይሰኩ። ከ«ትራብልሹት» ወደ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ኮማንድ ፕሮምፕት»። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። አይፍሩት፤ የምንጽፍበት አንዲት ቃል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደላት «ኖትፓድ» ብለው ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። ያ ተራ የጽሑፍ መክፈቻ ይመጣል። ምን ያደርግልናል? «ፋይል» ብለው «ኦፕን» ሲሉ የፋይል ማውጫ ይከፈታል። ከታች በኩል የጽሑፍ ፋይል ብቻ ከሚለው ምርጫ ወደ «ኦል ፋይልስ» ይለውጡት። አሁን ዲስክዎን ማየት ይችላሉ።

እዚህ ጋ ሰው የሚደናገጥበት ነገር አለ። የድራይቮቹ (የዲስኩ ክፍሎች) ፊደል ሊቀያየር ይችላል። የለመዱት ሲ ድራይቭ እዚህ ዲ ወይም ኢ ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ኤክስ የሚባለው ደግሞ የጥገናው ገጽ የራሱ ነው፣ የእርስዎ አይደለም። ዩዘርስ የሚል ፎልደር ያለበትንና ውስጡ የእርስዎ ስም የተጻፈበትን ይፈልጉ። ፎቶዎቹ ያሉበትን ፎልደር በቀኝ ክሊክ «ኮፒ» ይበሉ፣ በዚያው መስኮት ወደ ሰኩት ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ይሂዱ፣ በቀኝ ክሊክ «ፔስት»። ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳይ ምልክት የለም። መስኮቱ የደረቀ ይመስላል። እየገለበጠ ስለሆነ ይታገሱት፤ ብዙ ፎቶ ከሆነ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ሲጨርስ ፍላሹን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስቱን ከፍተው ያረጋግጡ።

ይኼን ከጨረሱ የከፋው አልፏል። ከዚህ በኋላ ብንሳሳትም የምናጣው ጊዜ ነው።

አሁን ጥገና። «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን አንድ ጊዜ ይሞክሩት፣ ግን ብዙ አይጠብቁበት። ጎበዝ የሆነው የመነሻ ፋይሎች ሲበላሹ ነው። ድራይቨር ላይ ብዙም አይረዳም። «አልቻልኩም» ቢል አይዘኑ።

ተስፋዬን የምጥለው «ሲስተም ሪስቶር» ላይ ነው። የእርስዎ ፕሮግራም «ብዙ ነገር አደሰ» ብለዋል። ያ ማለት ምናልባት አምስት ስድስት ድራይቨር ቀይሯል። አንድ በአንድ እያሳደዱ ከመመለስ ሁሉንም ወደ ትናንት ከሰዓት ሁኔታ መመለስ ይሻላል። ሲስተም ሪስቶር የሚያደርገው ይህንን ነው፦ ድራይቨሮችን፣ የተጫኑ ፕሮግራሞችንና ሬጂስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ፎቶና ዶክዩመንት አይነካም። ሲከፍቱት ቀን የተጻፈባቸው ነጥቦች ይዘረዝራል። ፕሮግራሙ ከተጫነበት ሰዓት በፊት ያለውን ይምረጡ። ምን እንደሚወገድ ማየት ከፈለጉ «ስካን ፎር አፌክትድ ፕሮግራምስ» የሚል አለ። ጀምሮ «ቆሟል» ብለው ቢያስቡ እንኳ አያቋርጡት። ቻርጀሩ ተሰክቶ ይቆይ።

ችግሩ ነጥብ ላይኖር ይችላል። ሲስተም ሪስቶር የሚሠራው «ሲስተም ፕሮቴክሽን» በርቶ ከነበረ ነው፤ በብዙ ማሽን ላይ ጠፍቶ ይገኛል። «ምንም ነጥብ አልተገኘም» ካለዎት ወደ ሴፍ ሞድ እንሂድ።

ከ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»ን ከፍተው «ሪስታርት» ይበሉ። ቁጥር ያለው ዝርዝር ይመጣል። 4ን ይንኩ። ሴፍ ሞድ ማለት ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ ነው። ስክሪኑ ያስቀይማል፣ ጽሑፉ ይተልቃል፣ አራቱም ጥግ ላይ «ሴፍ ሞድ» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዴ ፒን አይቀበልም፤ የአካውንቱን ፓስዎርድ ያዘጋጁ።

በዚህ መንገድ ጸጥ ብሎ ከተነሳ ትልቅ ነገር አወቅን። ዊንዶውስ ራሱ ደህና ነው፤ የሚጥለው ተጨማሪ የገባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። ያንን አዳሽ ፕሮግራም ማራገፍ ብቻውን አይበቃም። ፕሮግራሙ ይወጣል፤ እሱ የተከላቸው ድራይቨሮች ግን ይቀራሉ። ሠራተኛውን አባረው የሠራውን የተጣመመ ግድግዳ እንደ መተው ነው። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን «ዲቫይስ ማናጀር»ን ይክፈቱ። ከስክሪን ካርዱ ይጀምሩ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ፣ ድምፅ፣ ከዚያ ሌሎቹ። በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ድራይቨር» የሚለው ገጽ። «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ቁልፍ ከደመቀ ድራይቨሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ይንኩት፤ የቀድሞውን ይመልሳል። ቁልፉ ከደበዘዘ የሚመለስበት የለም። ደብዝዞም ቢሆን ያንን ድራይቨር ከጠረጠሩት «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ብለው፣ ድራይቨሩንም አብሮ አጥፋ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርገው ያስወግዱት። ዊንዶውስ ሲነሳ የራሱን ይተካል። የዲስክ መቆጣጠሪያዎችን ግን በዚህ መንገድ አያስወግዱ።

ፕሮግራሙን ራሱን ሲያራግፉ «ዊንዶውስ ኢንስቶለር አይሠራም» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ያ አገልግሎት በሴፍ ሞድ አይነሳም፤ እርስዎ ያበላሹት ነገር የለም። ለጊዜው «ታስክ ማናጀር» ውስጥ ከ«ስታርትአፕ» ዝርዝር ያጥፉትና በደህናው ዊንዶውስ ሲገቡ ያራግፉት።

ሴፍ ሞድም እየወደቀ ካስቸገረ ሰማያዊው ጽሑፍ ምን እንደሚል ማንበብ አለብን። ወደዚያው ቁጥር ያለው ዝርዝር ተመልሰው በዚህ ጊዜ 9ን ይንኩ። ይህ ሲወድቅ በራሱ ሪስታርት እንዳያደርግ ይከለክለዋል። ሰማያዊው ገጽ ይቆማል። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ካለ ዊንዶውስ የራሱን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው፤ አዳሹ የዲስክ መቆጣጠሪያውን ድራይቨር ነክቶት ይሆናል። «ድራይቨር አይአርኪውኤል» ብሎ የሚጀምር ከሆነ አንድ ድራይቨር የማይገባውን የሜሞሪ ቦታ ነክቷል፤ ብዙ ጊዜ የጥፋተኛው ፋይል ስም አብሮ ይጻፋል። «ደብሊውኤችኢኤ አንኮሬክተብል ኤረር» ካለ ግን ወደ ሃርድዌር መለስ ማለት ይኖርብናል።

የመጨረሻው በር «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ነው። እሱም ቢሆን ከፎርማት ይሻላል፤ ግን «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለውን ከመረጡ ብቻ ነው። የግል ፋይሎችን ይተዋል፣ የጫኗቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ያጠፋል፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል። «ክላውድ ዳውንሎድ» ከመረጡ ከኢንተርኔት 4 ጊጋባይት ገደማ ያወርዳል፤ «ሎካል» ከመረጡ ያለውን ይጠቀማል። ፎቶዎቹ በፍላሽ ካልወጡ ወደዚህ አይምጡ።

ከተነሳልዎት በኋላ ያንን ፕሮግራም አይመልሱት፣ ወንድሞቹንም አያምጡ። ስለ እነዚህ አዳሾች ያለኝ አቋም ጠንካራ ነው፤ ለቤት ተጠቃሚ የሚጠቅሙበት ምክንያት አላገኘሁም። ዊንዶውስ አፕዴት ለአብዛኛው ዕቃ ድራይቨር ራሱ ያመጣል። የቀረውን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ በሞዴሉ ቁጥር ፈልገው ይወስዳሉ። የሚሠራ ድራይቨር «አርጅቷል» ተብሎ አይለወጥም።

ሲስተም ፕሮቴክሽንን ያብሩት። «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ውስጥ ደግሞ «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት ያጥፉ፤ ሌላ ጊዜ ቢወድቅ ቆሞ ያነጋግርዎታል። «ሪላያቢሊቲ ሞኒተር» የሚባለውንም ከፍተው ይዩት። የትናንትናው ቀን ላይ ምን እንደተጫነና ምን እንደወደቀ በቀን በቀን ተዘርዝሮ ያገኛሉ። ሌላ ቦታ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ ምልክት ቢያገኙ ፓወሩ ተበላሽቷል ብለው እንዳይደነግጡ። ትርጉሙ «ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ተነስቷል» ብቻ ነው። ያንን እናውቃለን።

እስከ ሴፍ ሞድ ደርሰው ካልተሳካ ሁለት ነገር ይላኩልኝ፦ 9ን ነክተው ያነሱትን የሰማያዊውን ገጽ ፎቶ እና የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር። ገጹ ላይ መጨረሻው «ኤስ ዋይ ኤስ» የሆነ የፋይል ስም ካለ በደንብ እንዲነበብ አድርገው ያንሱት። የ48 አሃዙን ቁጥር ግን ለእኔም ለማንም አይላኩ።